አባቴ የመረጠው ፑንታ

ዛሬ አባቴን የምቆልፍበትን መቀርቀሪያ ራሱ አባቴ ገጠመልኝ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አናጺ ነበር። አሁን ይረሳል። ባለፈው ሳምንት ሳናየው ወጥቶ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባዶ እግሩን ሲሄድ ጎረቤት አገኘው።

ጠዋት ድሪል ልገዛ አዲሱ ገበያ ወጣሁ። ብቻውን ልተወው ስለማልችል ይዤው ሄድኩ።

መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ በባትሪ የሚሠራ ጠየቅኩ። ሻጩ ትልቁን ሲያቀብለኝ አባዬ ተቀብሎ መዘነው። "ይሄ ይከብድሻል፤ ለቤት ትንሹ ይበቃል" አለ። ስሜን ከረሳው ቆይቷል።

ድሪሉ ጫፍ ላይ የሚገቡትን መብሻ ፑንታዎችም አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። "ግድግዳሽ ብሎኬት ከሆነ ጫፉ ሰፋ ያለውን ውሰጂ። ለበር ደግሞ የእንጨቱን።"

ሻጩ "አባባ፣ እርስዎማ እዚህ መቀጠር አለብዎት!" ብሎ ሳቀ። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል።

ቤት ስንደርስ ድሪሉን ከእጄ ወሰደ። በሩ ላይ የሚበሳውን ቦታ ሳሳየው ግን ቆም አለ።

"መቀርቀሪያ ከውጭ በኩል? ለምን?"

"ለሌባ ነው፣ አባዬ።"

"እሺ" ብሎ በሳ። ብሎኑን አጥብቆ ሲጨርስ መቀርቀሪያውን ነቅነቅ አደረገው።

"አሁን ማንም አይከፍተውም" አለኝ ደስ ብሎት።

አላለቀስኩም። እፎይም አላልኩም። መጥረጊያ አምጥቼ አቧራውን ጠረግኩ፣ በቃ።

እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት ቤታችሁ ያላችሁ፣ እናንተ በሩን እንዴት ነው የምትዘጉት? ሲጠይቋችሁስ ምን ትላላችሁ?