በዘጠኝ ሰዓት መተኛት

ዛሬ የልጅ ልጄ ከስልኳ ላይ እያነበበች፣ «አባባ፣ በክረምት በዘጠኝ ሰዓት ተኝቶ በስድስት ሰዓት መነሣት ጥሩ ነው ይላል» ስትለኝ ሻዩ ትን አለኝ።

ይቺን ምክር አውቃታለሁ!

በሃምሳዎቹ ቀበና ተማሪ ሳለሁ ፈረንጁ አስተማሪያችን ለክረምት ዕረፍት ይህንኑ በአማርኛ ጽፎ ሰጠን። በፈረንጅ ሰዓት፣ ማታ ሦስት ማለቱ ነበር።

እናቴ ግን ወረቀቱን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ይዛ፣ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አስተኛችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ እንጨት ሊያስፈልጠኝ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመች። «እስከ ስድስት ሰዓት ማንም እንዳይነካው! ታዟል!»

ስሕተቱ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ለእናቴ የነገርኳት ግን መስከረም ከጠባ በኋላ ነው።

እናንተንስ የፈረንጅ ሰዓት ምን ጉድ አደረጋችሁ?