ከቅዳሴ በኋላ የሚዋጠው ክኒን

ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ እጸየፈዋለሁ። በደርግ ዘመን፣ ስማዳ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ ኃላፊዬ የነበረውን ነው የምለው። ከእሱ ይልቅ ግን ራሴን እጸየፋለሁ።

ደም ብዛት ያለባቸው አንድ ቄስ ነበሩ። ክኒኑን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ በቀጠሯቸው ሲመጡ ግን ግፊታቸው ያው ነው፣ አንዳንዴም ይብሳል። "መምሬ፣ እየዋጡት ነው?" ስላቸው ዓይናቸውን ያሸሻሉ። እውነቱን የነገሩኝ ቆይተው ነው። ጠዋት ክኒን በውሃ ከዋጡ መቀደስ አይችሉም። በዚያ ላይ ክኒኑ ሽንት ያበዛል፤ ቀዳሽ ደግሞ ቅዳሴ ከገባ መውጣት የለም። በደብሩ ቀዳሽ ስለሚያንስ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳቸዋል፤ ስለዚህ ክኒኑን ትተው ቅዳሴውን ያዙ።

"ቀድሰው ሲወጡ፣ እህል ሲቀምሱ ይዋጡት። ጠዋት ይሁን ያልነው እኛ ነን" አልኳቸው። ሳቁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግፊታቸው ወረደ። እኔም ኮራሁና ካርዳቸው ላይ "ከቅዳሴ በኋላ" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ።

ያቺን ጽሑፍ ኃላፊው አየ። በሽተኛ ፊት ሲጋራ የሚያቦን፣ ከሕክምናው ይልቅ ስብሰባው የሚጥመው ሰው ነበር። "ክሊኒኩን ቤተ ክርስቲያን አደረግኸው? ይሄ አድኃሪነት ነው" ብሎ ካርዱን ወረወረው። ከዚያ ወዲያ ክኒን የሚቀበል ሁሉ የመጀመሪያዋን እዚያው ፊቱ እንዲውጥ፣ ያልዋጠ እንዳይወስድ አዘዘ።

መምሬ የመጡት በፍልሰታ ጾም፣ ቅዳሴው ከሰዓት በሚገባበት ሰሞን ነው። "አንተ ቄስ፣ ዋጣት" አላቸው፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው። ውሃውን እንድይዝ እኔን አዘዘኝ። ያዝኩ። ብርጭቆውን አፋቸው ድረስ አስጠጋሁ። መምሬ ውሃውን አላዩም፤ የሚያዩት እኔን ነበር። "ዛሬ ቀዳሽ ነኝ፣ ልጄ" አሉና ባዶ እጃቸውን ወጡ። ኃላፊው ሳቀ። አብሬው ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል።

ክኒኑን ደብቄ ቤታቸው ላደርስላቸው አስቤ ነበር። ሰው ያየኛል፣ ይጠቁሙብኛል እያልኩ፣ ዛሬ ነገ ስል መስቀል አለፈ። በጥቅምት ቀኝ ጎናቸው ተያዘ ተባለ። ያን ጊዜ ሮጬ ሄድኩ፤ ያን ሁሉ ፍርሃቴን ምን በላው? መደብ ላይ ተኝተዋል፣ አፋቸው ተጣሟል፣ መስቀል የሚጨብጡበት እጅ ጋቢው ላይ ተዘርግቷል። ክኒኑን አወጣሁና ከልማድ የተነሳ፣ "መምሬ፣ እንደ በፊቱ ከቅዳሴ በኋላ…" ብዬ ጀመርኩ።

በግራ እጃቸው ዝም አሰኙኝ። ቃሉን በግድ እየጎተቱ፣ "አሁንማ ጠዋትም ቢሆን እውጣለሁ" አሉኝ። "ቅዳሴ የለብኝም።"