የባውዛው ጾም

ሻርጃ ተከራይተን በምናመልክበት አዳራሽ የመድረኩ ባውዛ ሁለት ጊዜ ተቃጠለብን። ፓስተራችን «ይሄ የጠላት ሥራ ነው» ብለው የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አወጁ።

እኔ ደግሞ ጾም አይሆንልኝም። ቁርስ ካልበላሁ ሰው አላናግርም። ስለዚህ ጾሙ ሳይጀመር ባውዛውን ፈታሁት። ወንድሞች ቮልቱ እኩል ነው ብለው የባውዛውን አምፖል፣ ኤልኢዲውን፣ ከተራ አዳፕተር ጋር አገናኝተውታል። ኤልኢዲ ደግሞ በጋለ ቁጥር ብዙ ከረንት ይስባል፤ የሚገድበው ከሌለ ራሱን ያቃጥላል። አዲስ ኤልኢዲና ከረንቱን እኩል አድርጎ የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ልገዛ አል ተዓውን ሰፈር ወዳለ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ «ሁሉም ሴም ሴም ነው፣ ርካሹን ውሰድ» ቢለኝም እምቢ ብዬ ትክክለኛውን ገዝቼ ገጠምኩት።

እሁድ ባውዛው ስብከቱ እስኪያልቅ ቦግ ብሎ በራ። ወደ ፓስተሩ ጠጋ ብዬ፣ «ፓስተር፣ ችግሩ የፓወር ሰፕላይ ነበር። እንግዲህ ጾሙ ኸላስ፣ ቀረ አይደል?» አልኳቸው።

ፈገግ ብለው ማይኩን አነሱ። «ወገኖች፣ ጌታ ገና ሳንጾም መለሰልን።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

«ስለዚህ» አሉ ፓስተሩ፣ «ጾሙን የምስጋና አድርገነዋል። አንድ ቀንም ጨምረንበታል።»