አዳራሹ የዘፈነበት እሁድ

ባለፈው ቅዳሜ የመጋረጃ ጨርቅ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነበር። ባለሱቁ ጣቃውን ከመደርደሪያ አውርዶ ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋው ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የአዲስ ጨርቅ ሽታ፤ ናፍታሌንና የካርቶን አቧራ የተቀላቀለበት። ባለሱቁ ስንት ሜትር እንደምፈልግ ሁለት ጊዜ ቢጠይቀኝም አልሰማሁትም። ጆሮዬ ውስጥ ድራም እየተመታ ነበር። ለሰው ሲያወሩት ቂልነት ይመስላል፤ እኔ ግን አዲስ ጨርቅ ባሸተትኩ ቁጥር ሙዚቃ እሰማለሁ። ከየት እንደመጣ ልንገርሽ።

ጊዜው የደርግ ነው። አምቦ ውስጥ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የልብ ጓደኛዬ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበረች። አባቷ ከደቡብ መጥተው አምቦ የከተሙ ሙስሊም ነጋዴ ሲሆኑ፣ ሱቃቸው የነቀምቴ አውቶቡሶች ለምሳ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ነበር። የከተማው ትልቁ ቴፕ የሳቸው ነው። ገበያ ይስብልኛል ብለው ከጠዋት እስከ ማታ ያስዘፍኑታል። እኔና ጓደኛዬ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከጣቃዎቹ መሃል ተሸጉጠን፣ ካሴቱን እያቆምንና እያስኬድን ግጥሙን ቃል በቃል በደብተር እንገለብጥ ነበር። የሷ ደብተር ሰማያዊ፣ የኔ አረንጓዴ። ከሂሳብ ደብተሬ ይልቅ ያ ደብተር ንጹህ ነበር።

ወደ ወለጋ የሚያልፉ የሙዚቃ ጓዶች አንዳንዴ እዚያው ምሳ ይበላሉ። ጊታሪስቱን ከሩቅ በአፍሮው እንለየዋለን። አንዴ አንድ ሳክስፎን ነፊ ሱቁ ገብቶ ነጭ መሐረብ ሲገዛ፣ ጓደኛዬ ጨርቁን ለመቁረጥ መቀሱን አንስታ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል ጠማማ አድርጋ ቆረጠችው። ሰውየው ስቆ፣ «ይሄኛው ይሻለኛል፤ ማንም አይሰርቀኝም» ብሎ ወሰደው። ለሳምንት ያወራነው እሱን ነበር።

ከሁሉም የምንወዳት ግን አንዲት ዘፋኝ ነበረች። ድምጿ ሻካራ ነው፤ ሌሎቹ እንደሚያደርጉት አታንቆረቁርም፣ ፊት ለፊት ትናገርሻለች። ከዘፈኖቿ ሁሉ አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦

ገርበብ ይበል በሩ፣ ማነው ቆልፉት ያለ፣
ሳይሰናበተኝ የወጣ ሰው አለ።

የፍቅር ዘፈን ነው። ፍቅረኛዋን የምትጠብቅ ሴት። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሳይሰናበት የወጣ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነበር። እናቶች ዘፈኑ ሲጀመር ከሱቁ በር ላይ ቆመው፣ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ያለቅሳሉ። ሬዲዮ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማሰማቱን ተወ። ቀጥሎ ካሴቱ ከሱቆች እንዲሰበሰብ ተባለ። የጓደኛዬ አባት ያላቸውን አስረከቡ። ያላስረከቡትን አንዱን ካሴት ግን ጓደኛዬ በጥቁር ገበርዲን ጣቃ ውስጥ ጠቅልላ አስቀምጣው ነበር። ሳቸው ያውቁ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያንን ጣቃ ግን ለማንም ሲሸጡ አላየሁም።

በእኛም ቤት ሳይሰናበት የወጣ ሰው ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ። አንድ ቀን ጠዋት ወጣ፣ አልተመለሰም። እስር ቤቱን ሁሉ ጠይቀን የለም ተባልን። እናቴን በሕፃንነቴ ስላጣሁ ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና አባቴ ነን። አባቴ መምህርና ጴንጤ ነበር። የሚጸልዩበት ቤት በቀበሌው በሰም ታሽጎባቸው፣ ሦስትም አራትም ሆነው በየሳሎኑ፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ዓለማዊ ዘፈን ግን ከደጁ አያልፍም። እኔ ሳንጎራጉር ከሰማ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅሎ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማሎ እባክሽ» ብሎ ይወጣል። አይቆጣም። ወንድሜንም በስሙ አንስቶ አያውቅም ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሃል ያቺ ዘፋኝ ከጓዷ ጋር አምቦ እንደምትመጣ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ በከተማው አዳራሽ። ማታ እንዳይሆን ሰዓት እላፊው አለ።

በዋዜማው ከጓደኛዬ ጋር ያረፉበት ሆቴል ሄድን። ዘበኛውን ጨርቅ ልናስለካት ነው ብለን ዋሸነው። ዘፋኟን ያገኘናት በጓሮ፣ ጸጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ሳፋ ላይ አጎንብሳ የናይለን ካልሲዋን ስታጥብ ነው። ከካሴቱ ሽፋን ፎቶ አጭር ነበረች። አንገቷ ላይ ቪክስ ተቀብታለች፤ ሽታው ከሳሙናው ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ጓደኛዬ ሁለቱን ደብተሮች ዘረጋችላት።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችን። ገጾቹን እየገለጠች ቆየችና የዚያን ዘፈን ግጥም ስታገኝ ጣቷን ስንኙ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ተሳስታችኋል» አለችና በኔ እስክሪብቶ አንዲት ቃል አረመች። ቀጥላ ድምጿን ቀንሳ፣ «ነገ ይሄን እንዳትጠይቁኝ። አልዘፍንም ብዬ ፈርሜያለሁ» አለችን።

«ለምን ፈረምሽ?» አልኳት። እስከ ዛሬ በዚያ ጥያቄዬ አፍራለሁ፤ አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

አልተቆጣችም። «ጓዱ ውስጥ ዘጠኝ ሰው አለ። ዘጠኙም ቤተሰብ አላቸው» አለች።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። «እኛ አልፈረምንም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ ያለች መስሎኝ ነበር፤ ግን አልነበረም። ደብተሬን መለሰችልኝና ወደ ሳፋዋ ጎንበስ አለች።

በማግስቱ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከጉደርም ከጊንጪም የመጡ ነበሩ። የቆርቆሮው ጣራ ቀዳዳዎች ስለነበሩት ፀሐይ በቀጭን በቀጭኑ እየገባች አቧራው ውስጥ ትታያለች። ከፊት ወንበር ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበርና ሁለት ካድሬዎች ተቀምጠዋል። ጓዱ መጀመሪያ ስለ ምርት ዘመቻ ዘፈነ፤ ሰው በትዕግሥት አጨበጨበ። ቀጥሎ እሷ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ሦስት ዘፈን ዘፈነች። በእያንዳንዱ ማብቂያ ላይ ሰው ያጨበጭብና ጸጥ ይላል። የሚጠብቀውን ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠይቅ ግን የለም።

ሦስተኛውን ስትጨርስ «አመሰግናለሁ» ብላ ልትወርድ ዞረች። ያን ጊዜ ተነሳሁ። አስቤበት አይደለም። እግሬ ቀድሞኝ ነው የቆመው። «ገርበብ ይበል በሩ» አልኩ፤ ድምፄ ቀጥኖ፣ ተሰንጥቆ ወጣ። ጓደኛዬ ክንዴን ያዘችኝ፤ የምትጎትተኝ መስሎኝ ነበር። እሷም ተነስታ ነው። «ማነው ቆልፉት ያለ» አለች። ከኋላችን አንዲት ሴት ተቀበለች፣ ከዚያ መደዳው፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አምስት መቶ ሰው ይሁን ስድስት መቶ እንጃ። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዘፋኟ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመች። ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሆዷ አወረደችው። አፏን አልከፈተችም፤ አንዴም አልከፈተችም፤ ይሄን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተጠየቅኩት። ዓይኗ ግን ከኔ አልተነሳም። ድራመሩ ምቱን በዱላው ጫፍ፣ ሰው በማይሰማው ያህል መታልን። ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ዘፈንነው። ሦስተኛውን ስንጀምር አንዱ ካድሬ ጄነሬተሩን አስጠፋ። መብራትም ማይክም ጠፋ። እኛ ማይክ ስላልነበረን ቀጠልን።

ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ መሃል ጠርተው ወሰዱኝ። ጓደኛዬን አላገኟትም፤ አባቷ ገና ሳይነጋ ሸነን ከተማ ዘመድ ጋ ሰደዋት ነበር። አልፈርድባቸውም። ያላቸው ልጅ እሷ ብቻ ናት።

ሦስት ቀን የቀበሌው መጋዘን ውስጥ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተኛሁ። ሊቀመንበሩ የሚፈልገው እኔን አልነበረም። ተጽፎ የተዘጋጀ ወረቀት ነበረው፤ ዘፋኟ ቅዳሜ ሆቴል ጠርታ፣ ሕዝቡን እንድናነሳሳ አስተምራናለች ይላል። «ፈርሚና ወደ ቤትሽ ሂጂ» ይለኛል በየቀኑ።

«አላስተማረችንም።»

«ሆቴል አልሄድሽም?»

«ሄጃለሁ። እንዳንጠይቃት ነው የነገረችን። ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።»

«ልጅ ነሽ፤ ይሄን ከራስሽ አታመጪውም።»

ያቺ ቃል ከጆንያው ጠረን፣ ከብርዱ ሁሉ ይልቅ ያናደደችኝ ናት። ከራሴ ነው ያመጣሁት። ዛሬም ከራሴ ነው ያመጣሁት።

በሦስተኛው ቀን አባቴን አስጠሩት። ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። የክፍል ደብተር የሚያርምበት ቀይ እስክሪብቶ ኪሱ ላይ ነበር። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሰጠው።

«ጓድ መምህር፣ እርስዎ ሃይማኖተኛ ሰው ነዎት። ዘፈን እንደማይወዱ አገር ያውቃል። ልጅዎን ያበላሸቻት ዘፋኝ ናት። ይምከሯት፣ ትፈርም።»

አባቴ ወረቀቱን እንደ ተማሪ ፈተና ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ በኦሮምኛ፣ «የተጻፈው እውነት ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት።

ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «እውነት ነው፣ ዘፈን አልወድም» አለ ለሊቀመንበሩ። «ውሸት ደግሞ የባሰ አልወድም። ልጄ አትፈርምም።»

«እርስዎም ሥራዎ ላይ ችግር እንደሚመጣብዎ ያውቃሉ?»

«ጸሎት ቤቴን አሽገህብኛል። ልጄን አስረህብኛል። ከዚህ ቀደም ስለ ሌላው ልጄ ልጠይቅህ እዚችው ክፍል መጥቼ፣ ቁጭ በል እንኳ አላልከኝም። አሁን ምን ቀረህ?»

አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ያገላብጥ ጀመር። ማታ ለቀቁኝ።

ያለ ቅጣት ግን አልቀረሁም፤ ከትምህርት ቤት ለዓመት ተባረርኩ። አባቴም ከአምቦ ተነስቶ አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ተመደበ። ዘፋኟን ግን የሚነካት ወረቀት አላገኙም። ጓዱ ጉዞውን ቀጥሎ ወደ ነቀምቴ አለፈ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ታክሲ ስጠብቅ አየኋት። ጸጉሯ ሸብቷል። «ከአምቦ ነኝ» ስላት መልኬን አላስታወሰችም፤ ክንዴን ግን ይዛ ታክሲው እስኪመጣ አልለቀቀችኝም። ጓደኛዬ ከሸነን አልተመለሰችም፤ እዚያው ተድራ፣ በወሊድ አረፈች። ሰማያዊ ደብተሯ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ከተፈታሁ ከሳምንት በኋላ አባቴ ጎጆ የምትባል የደጋ ከተማ፣ አክስቴ ጋ ሊያደርሰኝ አብሮኝ ሄደ። የጭነት መኪና ላይ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነበር። መንገዱ ያንገላታል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱ ይጠናል፤ ግራና ቀኙ ያልታጨደ ገብስ ነው። አባቴ ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ። የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈልኝና፣

«ግጥሙ ምን ይላል?» አለኝ።

የቱ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ከሱ አፍ መውጣቱ ነው ያደናገረኝ። ሳልዘፍን፣ እንደ ንባብ አድርጌ ነገርኩት። ሁለቱን ስንኝ ሲሰማ ፊቱን ወደ ገብሱ መለሰ። ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አደረገው።

«ይሄን ነው የፈሩት?» አለ።

«አዎ።»

«ይፍሩት» አለ። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠራ፤ ለኔ አይደለም፣ ለማንም አይደለም፣ ዝም ብሎ ስሙን ብቻ።

መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ሞተሩ ጮኸ። አባቴ ጆሮውን ወደኔ አዘነበለና፣ «እስቲ በዜማው በይው» አለኝ። ጩኸቱ እንዳይውጠው ጠጋ አልኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።