ክላክስ ያለው ቤት

አሮጌ ሚኒባሴ ውስጥ አልጋ፣ ምድጃና የውሃ በርሜል ገጥሜ ቤት ካደረግኩት ወዲህ አንድ ምክር አለኝ፦ ከመነሳታችሁ በፊት የውሃውን ጎማ ማሰሪያ አጥብቁ። እኔ ሳላጠብቅ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ጎግ ወጣሁና ኮረኮንቹ አላቀቀው። አልጋዬ መዋኛ ገንዳ ሆነ! አንድ የሰፋሪዎች መንደር ስደርስ ማንጎ ዛፍ አጠገብ ቆሜ ፍራሼን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ።

የመንደሩ እድር ዳኛ ጋሽ ሰይድ መጡ። «ቤትህ የት ነው ልጄ?»

«ይኸው፣ የምኖረው እዚህ ውስጥ ነው» አልኩና መኪናዬን መታ መታ አደረግኩ።

ገብተው አልጋውን ዳሰሱ፣ ምድጃውን አዩ፤ ክላክሱን ሲጫኑት የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ተበተነ። «ጎረቤት መጥቶልናል!» ብለው ተጣሩ። ወዲያው አንዱ የውሃውን ጎማ ሲያስር፣ ሌላው ፍራሹን ሲያገላብጥ፣ የበቆሎ እሸት ጥብስም መጣ። ጋሽ ሰይድ የእድሩን መዝገብ ይዘው ተመለሱ። የቤት ቁጥር ሲጠይቁኝ ታርጋዬን ነገርኳቸው፤ ፈገግ እንኳ ሳይሉ ጻፉት።

ፍራሹ ሲደርቅ፣ እንዳይቀየሙኝ እየፈራሁ፣ «እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ፤ ልሂድ» አልኩ።

«ሂድ እንጂ! ግን መጀመሪያ መንደሩን ዙርና የእሑዱን ስብሰባ አሳውቅ። ጡሩምባ ነፊያችን አርጅቷል፤ ቤቱ ራሱ እየዞረ የሚጮህለት አባል ደግሞ አግኝተን አናውቅም። በአንድ ድምፅ መርጠንሃል!»