ያልመጣው ሁለተኛ ዙር

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ሞጣ የልጅ ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት ወላጆች ለስብሰባ ተጠርተን ነበር። ተማሪዎች ተቧድነው በጩቤ ተጎዳድተዋል፤ የእኔም ጉድ ከነሱ አንዱ ነው። ርዕሰ መምህሩ የተጣሉት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የአረጋውያንን ቤት አብረው ቢጠግኑ፣ ምሳም አብረው ቢበሉ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከወረዳ የመጣው ወጣት «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን በጀት አልተያዘለትም። በሚቀጥለው ዙር ይታያል» አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

በልጅነቴ ቢቸና ስንማር ከታላቅ ወንድሜ ከይበልጣል ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። እሑድ ከገጠር ድርቆሽና ሽሮ ይዘን እንመጣለን፤ ዓርብ ላይ ስንቁ ያልቅና ቆሎ እንቆረጥማለን። ያ ቆሎ ዛሬም ይናፍቀኛል። አባታችን በድንበር ጠብ ተገድሏል። የገዳዩ ልጅ ጌትነት ደግሞ ከይበልጣል ጋር አንድ ክፍል ይማር ነበር። በአገራችን ደም በሽማግሌ ካልደረቀ ደመኞች ከአንድ ገበታ አይቀርቡም። አጎታችን በመጣ ቁጥር ወንድሜን «የአባትህ ደም ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር?» ይለዋል። ወንድሜም አንገቱን ይደፋል።

ያን ዓመት መንግሥት ለትምህርት ቤቱ ጥቂት በጀት ሰጠ፤ ለሣር፣ ለገመድና ለምሳ። ከአርሲ የተመደቡት መምህር ተሾመ ተማሪውን በየዙሩ ከፋፍለው የአረጋውያንን ጎጆ እንዲከድን አሰማሩት። የመጀመሪያው ዙር ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ የዓይነ ስውሩን የቅኔ መምህር የየኔታን ጎጆ ከደነ። እኔ ውኃ ቀጂ ነበርኩ። መምህር ተሾመ የአገሩን ወግ አያውቁም። ይበልጣልን ጣሪያ ላይ፣ ጌትነትን ከሥር ሣር አቀባይ አደረጓቸው። በምሳ ሰዓትም ሁለቱን ከየኔታ ጋር አንድ ገበታ ላይ አስቀመጧቸው።

ማንም እጁን አልሰደደም። በጣም ፈራሁ። የኔታ ዝምታው ገረማቸውና «የማን ልጆች ናችሁ?» አሉ። ሁለቱም የአባታቸውን ስም ተናገሩ። የኔታ ነገሩን ሰምተውት ኖሯል። ዳቦውን ዳብሰው አነሡ፤ ለሁለት ቆርሰው በየእጃቸው አኖሩላቸው።

«ጎጆዬን ለየብቻ አልከደናችሁትም። ብሉ ልጆቼ፤ ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን» አሉ።

በሉ። ወንድሜ እያለቀሰ ነበር የሚያኝከው።

ክረምት ላይ አጎታችን ደሙን መልስበት ብሎ ለወንድሜ ጠመንጃ ይዞለት መጣ። ይበልጣል «አብሬው በልቻለሁ አጎቴ። እንዴት አድርጌ?» አለው። አጎቴ «ፈሪ ለእናቱ!» ብሎ ምራቁን ተፋና ወጣ። እናታችን ግን ስድቡን እንደ ምርቃት ተቀበለችው። እኔም ከሞት የተረፍን መስሎኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ!

ጌትነት ሙሉዓለም የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው፤ ለሁለተኛው ዙር የተመደበ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት በጀቱ ቆመ ተባለ። መምህር ተሾመም ተዛወሩ። ሙሉዓለም ከእኛ ጋር አንድም ቀን አልቆረሰም፤ ጌትነት «ይበልጣል አይነካንም» ቢለው አላመነም። ወንድሜ ደም የሚመልስ መስሎት ቀደመው። ኅዳር ላይ ስንቅ ይዘን ስንመለስ፣ ከወንዝ መሻገሪያ ላይ ጠብቆ የወንድሜን አናት በሽመል መታው። ጮኼ የጠራሁት ከኋላችን ይመጣ የነበረውን ጌትነትን ነበር፤ ሌላ ማንን ልጥራ? ቃሬዛውን ከፊት የያዘው እሱ ነው። ቢቸና ሳንደርስ ወንድሜ ሞተ።

በስብሰባው ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። «ሐሳብዎ በቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ እናታችን» አለኝ ወጣቱ። ክፉ ልጅ አይደለም።

ቤት ስገባ የልጅ ልጄን «ያን የተጣላኸውን ልጅ ነገ ለምሳ ይዘኸው ና» አልኩት።

«አይመጣም፣ እማዬ።»

«ጠርተኸዋል?»

ደብተሩን አንሥቶ ወጣ።

በማግሥቱም ጠየቅሁት፤ ትናንትም ጠየቅሁት። ዛሬም አንድ ዳቦ ገዝቼ ገበታው ላይ አስቀምጫለሁ። የመንግሥትን በጀት በአንድ ዳቦ ልተካ እንደማልችል ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። የምሳ ሰዓት አልፏል። ዳቦው አልተቆረሰም፣ እኔም ገበታውን አላነሣሁም።