በሬው የተቀበረበት መስክ

የይማርሽን ባል አዝመራውን የገደለው ቆዳ ነው። የገበሬ ማኅበሩ በሬ በድንገት ሲሞት፣ ሊቀመንበሩ አረጋ ቆዳው እንዳይባክን ብሎ «ግፈፈው» አለው። «በክት እኮ ነው» ቢል «አድኃሪ» ተባለ። ገፈፈው። ክንዱ ላይ ጥቁር ቁስል ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞቶ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። አረጋ ግን፣ ያ ዓይኑን በጨው ያጠበ፣ ተዝካሩ ላይ የይማርሽን ጠላ እየጨለጠ «መጠጥ ነው የጨረሰው» አለ። ሰውም ሰምቶ ጠጣ። ይማርሽ አንጀቷ እያረረ ቀዳችላቸው።

የበሬውን ጥንብ መስክ ላይ አስቀብሮ ዙሪያውን በእሾህ ያሳጠረው የከብት ሐኪሙ ጋሻዬ ነው።

«አባ ሰንጋ ነው፣ እቴ ይማርሽ» አላት። «ባክቴሪያው ምግብ ሲያጣ ጠንካራ ልባስ ለብሶ አፈር ውስጥ ይተኛል። ፀሐይም ውርጭም አይገድለው።»

«ታዲያ ምን ይቀሰቅሰዋል?»

«ከብት ከሣር ጋር ሲበላው፣ ገላው ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ልባሱን ይነኩታል፤ ሥጋ የሚሠራባቸው ደቃቅ ነገሮች ናቸው። እነሱን ሲያገኝ ምግብ እንዳለ ያውቃል። ልባሱን ጥሎ ይነሳል፣ ይባዛል። በሰውም ገላ ውስጥ እንዲሁ ነው።»

ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ፈራ። ይማርሽ ግን በልቧ ያዘችው።

ከዓመታት በኋላ፣ በፋሲካ ሰሞን፣ በልጉ ጥሎ መስኩ ለመለመ። የአረጋ ሰንጋ አጥሩ ሥር ይግጥ ነበር። ይማርሽ እሾሁን በባዶ እጇ ገለል አደረገችለት። እጇ ደማ፤ ሰንጋው ገብቶ ሲግጥ ግን ደስ አላት።

ሰነባብቶ ሰንጋው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሞቶ በክት እንዳይሆን አረጋ ቢላውን መዘዘ፤ በሥላሴ ስም ባርኮ አረደው፣ ራሱ ገፈፈው። ለጎረቤት ሁሉ ድርሻ ላከ። የይማርሽም በቅጠል ተጠቅልሎ መጣላት።

ክው አለች። የፈለገችው አረጋ በወደቀ በሬው ላይ ሲያለቅስ ማየት ነበር፤ የመንደሩ ልጆች ከዚያ ሥጋ ሲበሉ አይደለም። እየጮኸች ሮጠች።

«አትብሉ! አባ ሰንጋ ነው! አጥሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ!»

ሰው የያዘውን ጣለ። አረጋ እስከ ክርኑ ደም እንደነካው ደርቆ ቀረ። ቢላው ጣቱን ሸርክቶት ነበር።

«አዝመራውን ምን ገደለው?» አለችው፣ ሁሉም እየሰማ።

አረጋ ጣቱን አየ። «ቆዳው» አለ። «ውሃ አምጡልኝ!»

ይማርሽ ራሷ ቀድታ አመጣችለት።

«ታጠብ» አለችው። «እሱም ታጥቦ ነበር።»